የሐረገወይን ቅጠል

ጥቅምት 14

መብራት የለም። ቡታጅራ ከትናንት ጀምሮ ጨለማ ናት። ሱቅ ገብቼ መጋረጃውን ገለጥኩና በመስኮቱ ብርሃን ጥልፍ ያዝኩ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ቀኝ ዓይኔ ከድሮውም ይሻላል። ግራው ግን... ተይው።

አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር መጣች፣ ከጉንችሬ። ሰርጓ ጥር ላይ ነው። እናትየዋ ስትዳር ልብሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። "ልጄንም እትዬ ሐረግ ያልብሷት ብዬ ነው" አለችኝ። ደስ አለኝ። ሜትሬን አንስቼ ልለካት ስል ልጅቷ ስልኳን አወጣች።

"ጥልፉ ፊት ለፊት እንዲሆንልኝ ነው፤ ደረቴ ላይ። ለፎቶ።"

"አይቻልም" አልኩ።

"ይቻላል" አለች የካሳሁን ሚስት ከኋላዬ።

እኩል ነው ያልነው። ልጅቷ አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ እሷን። ካሳሁን ከውስጠኛው ክፍል ብቅ ብሎ፣ "እማዬ፣ ተያት እስቲ፣ ደንበኛ ናት" አለ። ልጄ ነው እንዲህ የሚለኝ። ደንበኛ መሆኗ እኔ ጠፍቶኝ ነው?

ሠላሳ ዓመት ሆነው። የዚህ ቤት ልብስ ፊቱ ዝም ይላል። ነጭ ነው፣ ጥለት እንኳ የለውም። ሥራው ሁሉ ጀርባ ላይ ነው። ከማጅራት ይነሳል፣ በአከርካሪ ይወርዳል፣ ወገብ ላይ ይሰፋል። የእንሰት ቅጠል። ሙሉ ቅጠል አይደለም፣ ነፋስ የተረተረው። የአንዷ ሙሽራ ቅጠል በተቀደደበት የሌላዋ አይቀደድም። ከዚህ እስከ ወልቂጤ አንዲት ሴት በጀርባዋ ስታልፍ "የሐረገወይን ነው" ይላሉ። ፊቷን ሳያዩ።

አሁን ለፎቶ ይዙር ነው?

ጥቅምት 19

የካሳሁን ሚስት ከወሊሶ ናት። አዲስ አበባ ዲዛይን ተምሬያለሁ ትላለች። ምን እንደሚያስተምሯቸው እንጃ። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ ትሞነጫጭራለች፣ ከዚያ ትቀደዋለች። ስፌቷ ክፉ አይደለም። እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ምሳ ላይ ጀርባው ለምን እንደሆነ እንደገና ነገርኳቸው። ገና ሳላገባ የአክስቴ ልጅ ስትዳር፣ ቤተ ክርስቲያን መጨረሻው ወንበር ላይ ነበር የተቀመጥኩት። መጋቢው ስብከቱን አስረዘመው። ያ ሁሉ ሰዓት የታየኝ የሙሽራዋ ጀርባ ብቻ። ባዶ ጨርቅ፣ መሐሉ ላይ የተጨማደደ ዚፕ። ፊቷን ያዩት መጋቢውና ሙሽራው ናቸው። ታዲያ ያ ሕዝብ ምን ሊያይ መጣ? ከዚያ ነው የተጀመረው።

ካሳሁን አፉን እየጠረገ፣ "እማዬ፣ ሰው አሁን ቤተ ክርስቲያን አይደለም የሚቀመጠው። ስልክ ላይ ነው የሚቀመጠው" አለ።

ይህ የሱ አፍ አይደለም። የሷ ቃል ነው። እሷ አንገቷን ደፍታ ወጧን ታበርዳለች... ተንኮለኛ።

ጥቅምት 27

ቀለም ቀቢ መጣ። አዲስ ታፔላ ይጽፋል። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። "ሐረገወይን ፋሽን።" እሺ፣ ፋሽን ይሁን። ከስሩ ደግሞ በትንሹ፣ "ባለቤት፦ ካሳሁን ኃይሌ።"

"ባለቤት?" አልኩት።

"እማዬ፣ ለሥራ እንዲያመች ነው።"

"መቼ ነው ይሄ የሆነው?"

"ዓይንሽን ስትታከሚ ውክልና ሰጥተሽኝ አልነበር? ፈቃዱን ሳሳድስ በኔ ስም አዞርኩት። ያው ያንቺው ነው።"

ያው ያንቺው። የኔው ከሆነ ለምን ዞረ?

እሷ በሩ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትነክሳለች። ሳያት ዓይኗን አሸሸች። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ካሳሁን እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያመጣል? ልጅ ሳለ ከጎረቤት እርሳስ ወስዶ ራሱ እያለቀሰ የመለሰ ልጅ ነው።

አባቱ ኃይሌ ቢኖር... አይ፣ እሱም "ተይ ሐረግ" ነበር የሚለኝ።

ኅዳር 3

ዛሬም አልተነጋገርንም። ምሳ ለየብቻ።

ኅዳር 7

መሽቷል። ቢሆንም ልጻፈው።

የጉንችሬዋ ልጅ ልብስ አልቆ ተሰቅሎ አገኘሁት። ቅጠሉ ደረቷ ላይ ተዘርግቷል። ወገብ ላይ የሚሰፋው ነገር ጡቷ ስር ተኮማትሮ... ምን እንደሚመስል ባልጽፈው ይሻላል። ጀርባው ዚፕ።

አላመነታሁም። መቀሴን አነሳሁ፣ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት፣ ክሩን መተርተር ጀመርኩ። እሷ ገባች። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። ክንዷን አጣምራ ቆማ አየችኝ። ካሳሁን ነው የመጣው።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"ያበላሸችውን እያጸዳሁ።"

እጄን ያዘኝ። መቀሱን ከጣቶቼ መሐል አወጣው። ቀስ ብሎ ነው ያወጣው፣ ከሕፃን እጅ ላይ ቢላ እንደሚያወጣ ሰው። "ከእንግዲህ እዚህ ቤት መቀስ አትንኪ። ቁጭ በይ፤ እንግዳ ተቀበዪ፣ ሰላም በያቸው። ሰው አንቺን ሲያይ ደስ ይለዋል።"

እንደ ግድግዳ ፎቶ ማለት ነው። ያውም የሞተ ሰው ፎቶ።

ወደሷ ዞሬ፣ "ደስ አለሽ?" አልኳት። ልትመልስ አፏን ከፈተች። ካሳሁን አያት። ዘጋችው።

ልብሴን በሻንጣ ከተትኩ። የስፌት መኪናዬ ከባድ ነው፣ ተውኩት።

ኅዳር 11

መንገድ ላይ፣ ጉመር ደጋው ጋ፣ ጉም ነበር። ሹፌሩ መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቁልቁል፣ ፀሐይ። ወልቂጤ ስደርስ ሹራቤ እሳት ሆነብኝ።

ሳሌሃ ወደ ጉብሬ መውጫው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እኔ ጋ ብዙ ዓመት ሠርታለች። ያባረርኳት ለአክስቷ ልጅ ቤቷ ውስጥ ተደብቃ ቅጠሉን ስትሰፋ ስላገኘኋት ነው። ትክክል ነበርኩ። ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ግን ወደ ማን ልሂድ? እህቶቼ ዘንድ ብሄድ እስከ ማታ ካሳሁን ይሰማል።

በሩ ላይ ስታየኝ እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

"እትዬ ሐረግ። ምን ጠፍቶሽ ነው?"

ድሮ እርስዎ ነበር የምትለኝ።

"ሥራ" አልኳት።

"ልትሰጪኝ ነው ወይስ ከኔ ልትወስጂ?"

"ቤቴን ወሰዱብኝ። ስሜን ጭምር።"

የሆነውን ነገርኳት። ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ወላሂ፣ እኔን ያባረርሽኝ ጊዜ ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ? 'ቅጠሉ የቤቱ ነው' አልሽኝ። ይኸው ቤቱ አንቺን አባረረሽ።"

ተነስቼ ልወጣ ነበር። ሻንጣዬንም አንስቻለሁ። እሷ ግን እየሳቀች ከአንዱ መኪና ላይ የጨርቅ ክምር አነሳች። "ይሄኛው ክር ይበጥሳል። ልመጂው።"

ራት ቆጮና ጎመን አቀረበች። ብዙ በላሁ። አመሰግናለሁ ማለት ግን አልወጣልኝም።

ኅዳር 20

መኪናው እውነትም ክር ይበጥሳል።

ከሳሌሃ ጋር በመስኮቱ እንጣላለን። ብርሃኑን ትፈልገዋለች፣ እኔም እፈልገዋለሁ። ለሰማያዊ ዩኒፎርም ምን ብርሃን ያስፈልጋል? "ለነጭስ?" ትለኛለች።

አንዲት ደንበኛ ተገኘች። ሰብለ ትባላለች፣ ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር። ሰርጓ ጥር 17። እናቷ ቡታጅራ ሄዳ "እትዬ ሐረግ የሉም" ተብላ፣ ጠይቃ አጠያይቃ እዚህ ላከቻት። "እኔ የምፈልገው የጀርባውን ነው" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ጀርባዋን ለካሁ። ረጅም አከርካሪ፣ ቀጥ ያለ። እንዲህ ያለ ጀርባ በዓመት አንድ ቢገኝ ነው።

ቅጠሉን ዛሬውኑ ሣልኩት። ከግራ በኩል ሦስት ቦታ የተቀደደ፣ ቀኙ ሙሉ።

የሚሰፋው እንግዲህ እዚህ ነው፣ በውሰት መኪና፣ ከዩኒፎርም ክምር አጠገብ። እዚያ ባለ ታፔላዎቹ ፎቶ ያንሱ።

ታኅሣሥ 9

ካሳሁን መጣ። ብቻውን አይደለም። አቶ ፍቅሩን ይዞ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌያችንን። ሳሌሃ ወንበር አቀረበችና ወጣች። እኔ ሻይ አላልኩም። ውሃም አላልኩም።

አቶ ፍቅሩ ጸሎት ጀመሩ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ካሳሁንም አልጨፈነም። ተያየን።

"እህት ሐረገወይን፣ ቤት ያለ እናት አይሆንም" አሉ አቶ ፍቅሩ። "ተመለሺ። ልጅሽ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የመጣው።"

"ይጠይቅ።"

ካሳሁን ጉሮሮውን ጠረገ። "እማዬ፣ ይቅርታ። አሁን አብረን እንመለስ። ካልሽም እዚህ ሥሪ፣ አልከለክልሽም። ቅጠሉን ብቻ አትሥሪ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። "ምኑን?"

"ቅጠሉን። የቤቱ መለያ ነው። ሁለት ቦታ ሲሠራ ደንበኛ ግራ ይጋባል።"

"ቤቱ እኔ ነኝ" አልኩት።

"ቤቱ ስም ነው፣ እማዬ።"

አቶ ፍቅሩ እንኳ ደነገጡ። "ካሳሁን፣ እናትህን እኮ ነው የምታናግረው" አሉት። እሱ እጁን ማየት ያዘ።

"ሂድና ለላከችህ ንገራት" አልኩ። "ይሄ ጣት ቅጠሉን የሚያቆመው ሲቀበር ነው በላት።"

"ማንም አልላከኝም።"

"እሷ ናት የላከችህ።"

ተነሳ። ሲወጡ አቶ ፍቅሩ እጄን ጨብጠው፣ "ጸልዪበት" አሉኝ። ምኑ ላይ ልጸልይ? ጣቴ ላይ?

ሳሌሃ ገብታ ወንበሩን መለሰች። በር ስር ቆማ ሰምታለች። "እኔን ስታባርሪ ሽማግሌ እንኳ አልላክሽብኝም" አለችኝ።

ታኅሣሥ 26

ገበያ ውስጥ አየሁት።

ሽንኩርት ልገዛ ነበር። የልብስ ተራው ጋ፣ ሸራ ስር፣ ሃያ ሠላሳ ቀሚስ በገመድ ተሰቅሏል። ቅጠሉ። በነጭ ስስ ጨርቅ ላይ ታትሞ። ጥልፍ አይደለም፣ ቀለም ነው። ፊትም ላይ አለ፣ ጀርባም ላይ አለ፣ የሕፃናቱ ላይ ሳይቀር። ጠጋ ብዬ አየሁ። ሁሉም እዚያው ቦታ ላይ ነው የተቀደደው። አንድ ነፋስ ሁሉንም ቅጠል አንድ ቦታ ይመታል?

"ከየት ነው?" አልኩት ሻጩን።

"ከአዲስ አበባ። ከውጭ ታትሞ ነው የሚመጣው። የሐረገወይን ዲዛይን ነው፣ እማማ፣ ለእርስዎም የሚሆን አለ።"

ሐረገወይን። ፊት ለፊቴ ቆሞ ነው የሚለው።

ወረቀት ላይ ስትሞነጫጭር የነበረው ይሄንን ነዋ። ቅጠሌን ስትገለብጥ። አቤት ያቺ ልጅ። ሽንኩርቱን ረስቼ መጣሁ።

ጥር 17

ሰብለ ተዳረች። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

በአጠገቤ ስታልፍ ቅጠሉ አብሯት ተነቃነቀ። ከማጅራቷ ጀምሮ እስከ ወገቧ፣ በተቀደደው በኩል ስትራመድ ይርገበገብ ነበር። ጥሩ ነበር። ራሴን ላሞግስ አይደለም... ጥሩ ነበር።

ከዚያ ሕዝቡ ለመዝሙር ቆመ።

ከፊቴ ያለችው ሴት ጀርባዋ ላይ ቅጠል። ከሷ ቀጥሎ ሌላዋ። በግራ በኩል እናትና ልጅ፣ ሁለቱም። መዘምራኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ። ያ የገበያው። ሁሉም አንድ ቦታ የተቀደደ።

አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ "ሙሽራዋም ያንኑ አደረገች እኮ። ለሰርጓ እንኳ ለየት ያለ ብትገዛ ምን ነበረበት?" አለችኝ።

ምን ልበላት? በእጄ ነው የሰፋሁት ልበላት? ከሩቅ ሲታይ ልዩነቱ የት አለ? እኔ ራሴ ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ የኔው ከነሱ መሐል ጠፋብኝ።

ኬክ ሳይቆረስ ወጣሁ።

የካቲት 6

ምንም አልሠራሁም። ሳሌሃ የዩኒፎርም ቁልፍ ሰጥታኝ ቁልፍ እተክላለሁ። ሁለት ሙሽሮች መጥተው መለስኳቸው።

ለነገሩ ምን ልሥራላቸው?

የካቲት 21

እሷ መጣች። የካሳሁን ሚስት።

ከሰዓት ነው። ቁልፍ እተክላለሁ። ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች፣ አንድ ቦርሳ ይዛ፣ አቧራ ለብሳ። ሳሌሃ "ግቢ" አለቻት። እኔ "እዚያው ቁሚ" አልኳት። ቆመች።

"ካሳሁን የሱቁን ስም ሸጦታል" አለች። "ቅጠሉንም። ቴዲ የሚባል የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው የገዛው፤ ያ የሚያሳትመው። ልነግርዎት ነው የመጣሁት።"

"አንቺ አይደለሽ ያስሸጥሽው?"

"እኔ?" ሳቅ መሰለ፣ ሳቅ ግን አይደለም። "እንዳይሸጥ ስነግረው እኮ ነው እኔና እሱ የተጣላነው። የጉንችሬዋ ልጅ ስትመጣም 'ይቻላል በያት' ብሎ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ደረት ላይ ስሰፋው እያለቀስኩ ነው የሰፋሁት። እርስዎ ሲተረትሩት ደስ ብሎኝ ቆሜ አየሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ሰሙኝ? አራት ዓመት እዚያ ቤት ስኖር ስሜን ጠርተውኝ ያውቃሉ? 'ያቺ።' 'የካሳሁን ሚስት።' ደንበኛ ፊት ሳይቀር። ማንን ነው ሄጄ የምነግረው?"

የቁልፉን ክር በጥርሴ በጠስኩ።

"አሁን ከሱ ጋር ነሽ?"

"እሱን ለኔ ይተዉት።"

ከዚያ ልትሄድ ዞር ብላ ተመለሰች። "አንድ ነገር ልበል። ቅጠሉ ሄዷል። አይከተሉት። በጣም ቆንጆ ነበር። ግን ሠላሳ ዓመት አንድ ቅጠል ነው የሠሩት፣ እማማ።"

"ውጪ" አልኳት።

ወጣች። ሳሌሃ አንገቷን እየነቀነቀች ዩኒፎርሟን ትሰፋለች። አንድ ቃል ብትናገር ቁልፉን ፊቷ ላይ እወረውረው ነበር።

የካቲት 22

ሠላሳ ዓመት አንድ ቅጠል። ማን ናት እሷ?

ደግሞ አንድ አይደለም። የአንዷ ከሌላዋ ይለያል። ለማያይ ሰው ነው አንድ የሆነው።

ካሳሁን ነው ማለት ነው እንግዲህ። ፈቃዱም። ደረቱም። ሁሉም። እርሳሱን እያለቀሰ የመለሰው ልጅ።

መጋቢት 4

ሳሌሃ ጨርቅ ልታመጣ ጉብሬ ሄዳ ነበር። ስትመለስ፣ "ሲፈን ትባላለች አይደል ምራትሽ? አልተመለሰችም። ዩኒቨርሲቲው በር ጋ አንዲት ክፍል ተከራይታ የተማሪ ሱሪ ታሳጥራለች" አለችኝ።

"እኔ ምን ላድርግ?"

"ምንም። ጠረጴዛዋ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። እኔ ልነግርሽ አልችልም፣ ሄደሽ እዪው።"

አልሄድም።

መጋቢት 5

ሄድኩ።

ባጃጁ በሩ ላይ አወረደኝ። ጠባብ ክፍል፣ የቆርቆሮ በር። እሷ ጎንበስ ብላ ሱሪ ታሳጥራለች። ስታየኝ ተነሳች። "ይግቡ" አላለችም። የት ልታስቀምጠኝ? ወንበሩ አንድ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ቀሚስ አለ። ምንም ጥልፍ የለውም። አንስቼ ጀርባውን አየሁ፣ ባዶ። ባዶ ጀርባ ሠራሽ ልላት አፌን ስከፍት ቀሚሱ በእጄ ላይ ተንቀሳቀሰ።

እንዲህ ነው። ሁለት የፈትል ጨርቅ አከርካሪው ላይ ይገናኛሉ። ጥለታቸው ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሰው ሲቆም አይታይም፣ ነጭ ብቻ ነው። ሲራመድ ግን እጥፋቱ ይከፈትና ጥለቱ ብልጭ ይላል፣ ቀይ፣ ከማጅራት እስከ ወገብ። ከዚያ ይዘጋል። ይህን ማን ያትመዋል? ሥዕል አይደለም፣ ቅድ ነው። መንቀሳቀስ ያለበት ነገር እንዴት ይታተማል?

ተናደድኩ። እውነት ነው፣ ደረቴ ድረስ ነው የተናደድኩት። ለምን እኔ አላሰብኩትም? ሠላሳ ዓመት ሰው ጀርባ ላይ ጨርቅ ሳስኬድ ኖሬ ጨርቁ ራሱ መናገር እንደሚችል...

"ግራ ትከሻው ይጎትታል" አልኳት።

"የት ጋ?"

"እዚህ። ልበሺው።"

ለበሰችው። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ለክቻት አላውቅም። ስፒሎቹን ከንፈሬ ላይ ይዤ ትከሻውን ፈታሁት፣ እንደገና ያዝኩት። አንዴ ስፒሉ ወጋት፣ "ኤጭ" አለች። ይቅርታ አላልኩም።

ስሄድ፣ "እጅጌው ጋም አንድ ጣት ቀንሺ" አልኳት።

"አልቀንስም" አለች። "እጇን ስታነሳ እጥፋቱ የሚከፈተው በሱ ነው።"

ልክ ናት። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የገባኝ።

መጋቢት 12

ሲፈን ጠዋት ዕቃዋን በባጃጅ ጭና መጣች። ማን እንደጠራት አልጠየቅኩም። ሳሌሃ ናት የጠራቻት።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ተጣላን። ስለ ፈትሉ ውፍረት፣ ስለ ካውያው፣ ስለ ሬዲዮው። ሳሌሃ በሁለታችን መሐል ዩኒፎርሟን ከምራ፣ "ድንበር ነው" አለች።

መጋቢት 21

ካሳሁን ደወለ። ቴዲ የሚባለው ሰው ቅጠሉን ትቶ ሌላ ሥዕል ማሳተም ጀምሯል አሉ። ገበያው ሰለቸው። ቡታጅራ ያለው ሱቅም ሊዘጋ ነው።

"እማዬ፣ ናፈቅሽኝ" አለ።

እኔም ማለት ነበረብኝ። እውነትም ነው። "ሥራ ላይ ነኝ" ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ እጄ ስልኩ ላይ ቆየ።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ከፋሲካ በኋላ ሰርግ በዝቷል። የጨረስናቸውን ልብሶች ባለቤቶቹ ወስደዋል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚደርሱት ጠረጴዛው ላይ ናቸው። አንዷ ሙሽራ ጠዋት መጥታ ለብሳ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች፣ እናቷ ከኋላ ቆማ አፏን ይዛ አየቻት። የማን ሥራ ነው ብላ ጠየቀችኝ። "የሲፈን ነው" አልኳት። "ትከሻው የኔ ነው።"

ቀትር ላይ ካሳሁን መጣ።

ከስቷል። ጸጉሩን አልተላጨም። በሩ ላይ ቆመ። ሲፈን መኪናዋ ላይ ነበረች፣ ጀርባዋን ሰጥታን። ድምፁን ስትሰማ መርገጫው ቆመ። ከዚያ ቀጠለች።

"እማዬ፣ ሚስቴን ላናግራት ነው" አለ።

በሩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። እጄ ላይ ሜትር ነበር። "ሥራ ላይ ናት።"

"እማዬ።"

"ሰማሁህ። እጠይቃታለሁ። ከፈለገች ትወጣለች። ካልፈለገች አትወጣም።"

"አንቺ እኮ አትወጃትም ነበር።"

"አሁንም ብዙ የማልወድላት ነገር አለ። እሱ ያንተ ጉዳይ አይደለም።"

አየኝ። እንደማያውቀኝ ነው ያየኝ። ያቺን "ተያት እስቲ፣ ደንበኛ ናት" የሚላትን እናቱን ነበር የጠበቀው መሰለኝ።

ገብቼ ጠየቅኳት። ቀና አላለችም። "አልወጣም" አለች። "ዛሬ አይደለም።" ወጥቼ ቃሏን እንዳለ ነገርኩት። ምንም አልጨመርኩበትም፣ ምንም አልቀነስኩበትም።

ደጁ ላይ ድንጋይ አለ፣ እዚያ ተቀመጠ። ልጄ ነው... ምሳ አወጣሁለት። ጎንበስ ብሎ በላ፣ እንደተራበ ሰው። አጠገቡ ቆሜ እስኪጨርስ ጠበቅኩ። ስለ ስሙ አንሥቶ፣ "አስመልሰዋለሁ" አለኝ። "ለኔ አያስፈልገኝም" አልኩት። እውነት መሆኑን ስናገረው ነው ያወቅኩት።

ሰሃኑን ሰጠኝ። "እሺ፣ እማዬ" አለና ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ሄደ። ባጃጅ እንኳ አልያዘም፣ በእግሩ። ጥላ ስር ሲደርስ ቆመ። ዞር የሚል መስሎኝ ልጠራው አፌን ከፈትኩ።

"እማማ" አለች ሲፈን ከውስጥ። "ይሄ እጥፋት እምቢ አለኝ።"

ገባሁ።